የወንበር ሆድ

ከኦደንሴ ወጣ ብሎ፣ ከሐዲዱ ማዶ ጥግ ላይ፣
በሩ ዝቅ ያለ ቤት አለ፣ ለአላፊ የማይታይ።
እዚያ ነው ቦዲል ያለችው፣ ወንበር ፊት አጎንብሳ፣
አርባ አንድ ዓመት የታታችው፣ ሲባጎ በውኃ አርሳ።
ወረቀት ነው ያ ሲባጎ፣ ተገምዶ የጠና ወረቀት፤
አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ይዞ የማይረግብ ሃምሳ ክረምት።

ንድፉን ያወጣው ሰውዬ፣ ስሙ በእሳት ታትሟል፤
ወንበሩም ሙዚየም ገብቶ፣ “አትንኩ” ተብሎ ቆሟል።
የቦዲል ስም ግን የት አለ?
ጣቷ ላይ።
የጠቋሚ ጣቷ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ደድሮ፣
ቀኝ እጇ ከግራው ሰፍቶ፣ ከገመድ ሲታገል ኖሮ።

እኔ ተለማማጅ ነበርኩ፣ ገና ሁለተኛ ዓመት።
ሥራዬ ምስማር መንቀል ነው፣ ከዚያ ማጣበቂያ ማፍላት፣
ከዚያ ደግሞ ዝም ማለት።

አንድ ማክሰኞ፣ በኅዳር፣ ቶርኪል መጣ ዝናብ ለብሶ፣
ወንበሩን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ፣ ፎጣ አልብሶ።
“የአባቴ ነው” አለ ቆሞ፤ “እራት የበላንበት።
ስድስት ነበሩ። አምስቱን እኅቴ ወሰደች፣ በፍርድ ቤት።
ይኸው የደረሰኝ አንዱ፣ መሐሉ ተበጥሶበት።”
“ተጠንቀቂ” አላት ደግሞ፣ “የሁለት ወር ደመወዝ ያወጣል።”
የማን ደመወዝ እንደሆነ፣ እዚያ ቤት ማን ይጠይቃል?

እሱ ሲሄድ ገለበጠችው። ቢላዋን ከጥግ አስገባች።
ማንም የማያየው ነገር፣ የታታች ብቻ የምታውቀው፦
በላይና በታች ድር መሐል፣ ወንበር ባዶ ሆድ አለው።
ቅርጹን ይዞ እንዲቆይ፣ ያ ሆድ ይጠቀጠቃል፤
ካርቶን ይሁን ከረጢት ይሁን፣ የተገኘው ይበቃል።

ካርቶን ወጣ፣ የብስኩት ነው። ጋዜጣ ወጣ፣ ቢጫ፤
የነዳጅ ዋጋ ንሯል ይላል። ቀጥሎ፣ ከመቀመጫው
አራተኛ ማዕዘን ውስጥ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ፣
ሰማያዊ መስመር ያለው፣ በእርሳስ የተጻፈ።

አነበበችው። ቆመች።
ከዚያ ተቀመጠች፣ መሬት ላይ፣
ወንበር በሞላበት ቤት።

“ፓሌ የሚባል ልጅ ነበር፣ በእንፋሎት እንጨት የሚያጎብጥ፣
ኦኩን እንደ ሊጥ የሚያጥፍ፣ እኔን ሲያይ ግን የሚደነግጥ።
ጠየቀኝ። መልሱን ጻፍኩለት። ልሰጠው ሄድኩኝ በምሳ፤
ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ፣ በኔ መሰለኝ፣ ልቤ ሳሳ።
ተመለስኩ። የቸኮለ ሥራ፣ የኮፐንሃገን ትዕዛዝ፤
ወረቀቱን ከሆዱ ከትቼ፣ ታታሁበት ጣቴ እስኪደነዝዝ።”

“ምን ይላል?” አልኳት። ሰጠችኝ።
አንድ ቃል ነው። “እሺ።”

እኔ ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር የሆዱን በሆዱ የሚይዝ።
አርባ ዓመት ያ ቤተሰብ ተቀመጠበት፤ እራት በላ፣
ልደት አከበረ፣ ውርስ ቆጠረ፣ ተጣላ፣
እሷ ለአንድ ሰው ያላለችውን
ወንበሩ ለሁሉም ሲል ከረመ፤
የመጣውን ሁሉ ተሸከመ።

“ፓሌስ?”
“ቦርንሆልም ሄደ፣ ጀልባ ሊሠራ። አንዱ ሞቷል ይለኛል፤
አንዱ አለ ይለኛል።” ሲባጎ አቀብል አለችኝ።

ሦስት ቀን ታታች። አራተኛው ማዕዘን ላይ ስትደርስ
እጇ ወደ ኪሷ ሄደ፣ ወይስ ከኪሷ ወደ ወንበሩ?
አላየሁም። ምስማር እየነቀልኩ ነበር፣
ምስማር በሌለበት እንጨት ላይ።

ቶርኪል መጣ። ተቀመጠ። ተነሣ። ደግሞ ተቀመጠ።
“ጠንክሯል” አለ።
“ይለምዳል” አለችው።
ከፈለ። ደረሰኝ ጠየቀ።
ጻፈችለት፣ በእርሳስ፤
አራት ጊዜ አጠፈችው።