ሁለት ባይት

ከሌሊቱ ሰባት፤ ከዚራ አይበርድም፣
የኒም ቅጠል እንኳ ወዲያ ወዲህ አይልም።
ሆትስፖት ስከፍት ስልኬ ይግላል፣
«ልቀዝቅዝ» ብሎ ይጠፋል፤
በዚህ አገር ዕቃም ጥላ ይፈልጋል።

ስለዚህ በገመድ።
አንዱን ጫፍ ስልኩ ላይ፣ አንዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ፤
ሂቦ ዋይስ ታይዋን ገበያ
«ወላሂ ኦሪጅናል» ብላ የሸጠችልኝን።

ስልኩ «ተገናኝቷል» አለ።
ላፕቶፑም አየው፣ በስሙ ጠራው፣ አድራሻ ሰጠው፤
አንድ ገጽ መጣ፣ የገጹ ግማሽ፣
ከዚያ ዝም፤
በሠርግ ማግስት እንደተገናኙ ሁለት አማቾች
ተቃቅፈው፣ ጤና ተጠያይቀው፣ ወሬ እንዳለቀባቸው።

ገመድ ቀየርኩ፤ ሦስት ገመድ።
ቀዳዳውን በመፋቂያ ጫፍ ጠረግኩ።
አጥፍቼ አበራሁ፤
ማሽን ፊት የሚደረስ ጸሎት ያው እሱ ነው፣
አንዳንዴ ይሰማል። ዛሬ አልተሰማም።

«ምን ሆነብሽ?» አለኝ አባቴ ከበረንዳው፣
ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ከሽቦ አልጋው፤
ሙሴ በዳሳ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ባቡር የነዳ፣ ከድሬ እስከ ጅቡቲ።
«ድራይቨሩ ነው።»
«ሾፌሩ?»
«እ… አዎ፣ ሾፌሩ።»
«ጠጥቷል?»

እንዴት ልንገረው?
ሾፌር እዚህ ሰው አይደለም፤ ጥቂት ገጽ ጽሑፍ ነው፣
በስልክና በማሽን መካከል የተቀመጠ አስተርጓሚ።
እንዳንተ፣ አልኩት፤ ለፈረንጁ ሹም በፈረንሳይኛ፣
ለሐዲድ ጠጋኙ በኦሮምኛ፣
ደወሌ ላይ ለጉምሩኩ በሶማልኛ።
(ለእናቴ ብቻ በዝምታ፤ ይኼን አላልኩትም።)

«ታዲያ የት ላይ ነው የሚቆመው?»
መዝገቡን ገለጥኩ። ትንንሹ ያልፋል፤
ሙሉ ጭነት የያዘው ሲመጣ በሩ ላይ ይታነቃል።
ሾፌሩ ያዘጋጀው ቦታ ሺህ አምስት መቶ አሥራ አራት፣
ስልኩ የሚልከው ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስድስት።
ሁለቱ ባይት ባዶ ናቸው፤ ምንም አልተጻፈባቸው፤
ከጭነቱ ፊት ፊት ይሄዳሉ፣
ለምን እንደሆነ ስልኩን የሠራው ይወቅ።

ባዶ ስል ሰምቶ ተነሥቶ ተቀመጠ። አልጋው ጮኸ።
«በጦርነቱ ጊዜ» አለኝ፣ «ከሞተሩ ፊት
ባዶ ፉርጎ እንገፋ ነበር፣ ሁለት፤
ፈንጂ ካለ እነሱን ይብላ ተብሎ።
አንድ ሌሊት አይሻ ላይ የጣቢያው ሹም
ርዝመታችንን ሲያሰላ፣ ባዶ ናቸው ብሎ አልቆጠራቸውም።
ጅራታችን ዋናው መስመር ላይ ቀረ።
ከኋላ ሌላ ባቡር እየመጣ ነበር።»
«ከዚያስ?»
«ባዶም ቦታ ይይዛል» ብሎ ተመልሶ ተጋደመ።
ያንን ታሪክ ጨርሶልኝ አያውቅም።

አራቷን ስድስት አደረግኳት። አንዲት አሃዝ።
ማሽኑ መፍጨት ጀመረ፤ መሐል ላይ መብራት ሄደ፣
ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ከደቻቱ ማዶ ውሾች ጮኹ፤
ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ፣ ዘጠኝ፣ ሰባት።
አሮጌውን ሾፌር አወረድኩ፤ አዲሱን አሳፈርኩ።
ገመዱን ነቀልኩ፤ ሰካሁ።
መጀመሪያ የገባው የውሃ ሒሳብ ማስታወሻ ነው፣
ሁለት ወር ያለፈው።
ከዚያ ሌላው ሁሉ፣ ፉርጎ በፉርጎ።

ማስተካከያውን ባትሪው ሳያልቅ ላክሁት፣
ፊታቸውን አይቼ ለማላውቃቸው ሰዎች።
«ስህተቱን ያገኘው» በሚለው መስመር
የኔን ስም አጥፍቼ የሱን ጻፍኩ፦
በዳሳ ሮባ፣ ባቡር ነጂ፣ ድሬዳዋ።
ጡረተኛ የሚለውን ተውኩት።

ጎህ ሲቀድ ከአሸዋው በኩል ትንሽ ነፋስ መጣ።
«ደረሰ?» አለኝ።
«ደረሰ።»
«ጅራቱም?»
«ጅራቱም።»
ዞሮ ተኛ።