ሁለተኛዋ ልጅ

ስክሪፕቱ ላይ ስሟ «ሁለተኛ ልጅ» ነው፣
ከጀልባው ቤት ገብታ ወዲያው የምትሞተው።
ዕድሜዋ በፊልሙ ዐሥራ አንድ ሰከንድ፤
በሩ ከተከፈተ ቢላው እስኪወርድ።

ዌንደል ግን በዱሉት፣ በበረዶው ማታ፣
ለአምስተኛው መጽሐፍ ታይፕ እየመታ፣
«ዳርላ» ብሎ ጠራት። ፍንጭት ጥርስ ሰጣት፣
የዱቤ ክላርኔት፣ የማትሰማ እናት።

ማትረፍ አይችልም፤ ውል አለ። ገዳዩም
ለስድስተኛው ፊልም ያስፈልጋል፤ አይሞትም።
እናም አዘገየው፦ የጫማዋን ክር ፈታ፣
እንድታስር ብሎ። ጨረቃ አወጣ።
ዘጠኝ ገጽ ሙሉ በሩን ዘግቶ ቆየ።

«ደሙስ?» አለች አርታኢዋ፣ በቀይ እስክሪብቶ።
ጻፈው፤ ሦስት መስመር። ቼኩን ወሰደ።

ቶሊዶ፣ አውቶቡስ ጣቢያ፣ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛዋ
ዳርላ ወደ በሩ ስትራመድ አየች፤
የገጹን ጥግ አጥፋ፣
መጽሐፉን ኪሷ ከታ፣ መወልወያዋን አነሣች።
እስካሁን አልገለጠችውም።