የክፍሉ ዝምታ

ሃያ ስድስት ዓመት ማይክ ተሸክሜ፣
ከናቴላ ኋላ በየዳገቱ ላይ፣ በየጭቃው ቆሜ፣
የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ፤
ያየችውንማ እሷው ታሳያችሁ።

ቺያቱራ ትባላለች ከተማችን፣
ማንጋኒዝ ያጠቆራት የጆርጂያ ሸለቆ፤
ሠራተኛው በሰማይ ነው ሥራ የሚገባ፣
በብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከገመድ ተጣብቆ።

ለመጀመሪያው ፊልም ያባቷን ዢጉሊ ሸጠች፤
ድርሰቱን በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ጻፈች።
ካሜራው የተውሶ፣ ሌንሱ ጥጉ ላይ የተጫረ፤
ተዋናይዋ ዳቦ ሻጯ ፂያላ፣ ደሞዟ በዱቤ የቀረ።
"አትተውኚ" አለቻት፣ "ዳቦሽን ብቻ መዝኚ፤
ካሜራው መኖሩን እርሺና እንደ ሁልጊዜሽ ሁኚ።"
ፂያላም መዘነች።
ሰባት ጊዜ ቀርጸን ሰባቱን ዳቦ በላነው፤
የዚያን ቀን ከወጪያችን ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ከጥቁር ባሕር ማዶ ለፌስቲቫል ተጠራን፤
የአዳራሹን ወንበር አራት መቶ ቆጠርን።
ሰው፣ ሰባት።
አንዱ አንቀላፍቷል ኮቱን ተከናንቦ፣
ማንኮራፋቱ እኔ ከቀዳሁት ድምፅ ጋር ተደርቦ።
"ቢያንስ ሞቆታል" አለች።
ወጥተን በወደቡ ዳር አንድ ዓሣ ለሁለት በላን።

ሁለተኛውን ፊልም ዝናብ በላው። እሱን ተዉት።

አንድ ልማድ አላት፤ ቀረጻ ሲያበቃ፣
ሰው ገመድ ሲጠቀልል፣ ሲሰበስብ ዕቃ፣
"ቁሙ!" ትላለች።
ሠላሳ ሰከንድ የክፍሉ ዝምታ ይቀዳል።
ዝምታ ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ፤
የመጋዘን ዝምታ ዝገት ዝገት ይላል፣
የወጥ ቤቱ ግን ቧንቧ ጫፍ ላይ ጠብታ ይዞ ይጠብቃል።

ባለሀብቱ ከትብሊሲ መጣ፣ ሽቶው ቀድሞት ገብቶ፤
የሦስተኛውን ድርሰት አነበበ እግሩን አነባብሮ፣ ተመቻችቶ።
"ሳጥኑ ይውደቅ!" አለ፣ "መጨረሻው ላይ ገመዱ ይበጠስ፤
ተመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ በምን ሰበብ ያልቅስ?"
በመስኮት ቀና አለች። ዙራብ ወንድሟ እዚያ ውስጥ ነበር፣
ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ፣ እንቅልፍ አንገቱን ሲሰብር።
"በየቀኑ አለመውደቁ ነው የኔ ታሪክ" አለችው።
ወይኑን ሳይጨርስ ተነሳ፤
ቼኩም በኪሱ እንዳለ አብሮት ተነሳ።

ስለዚህ ሠርግ ቀረጽን።
ዘጠኝ ዓመት ሠርግ።
ሌሊት አራተኛውን ትጽፋለች፤ ወረቀትማ አላጣች፣
ያልተከፈለ ደረሰኝ በሽ ነው።
አመል ያወጣል ከመሐል እንደሚባለው፣
ሙሽሮች ኬክ ሲቆርሱ የሷ ካሜራ ጓዳ ነው፤
የሙሽራው አክስት ማክቫላ ሳህን ስታጥብ፣
አረፋ ከግንባሯ በክንዷ ስትጠርግ፣ ቆም ብላ ስታስብ፣
አራት ደቂቃ ሙሉ!
"ኬኩስ?!" ብሎ ጮኸ ሙሽራው፤ ሂሳቡን በግማሽ ቀነሰ፤
"ሳህን ቀራጯ" የሚል ስም ከሠፈር ሠፈር ደረሰ።

አምና በጥቅምት በሯ ተንኳኳ።
ያው ሙሽራ፤ ፀጉሩ ሳስቷል፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።
"ማክቫላ አረፈች። ፎቶ አላት፤ ፎቶ ግን አይተነፍስም" አለ፤
"ያ ሳህን... ያ አራት ደቂቃ... ጠፋ ወይስ አለ?"

ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎትታ አወጣች።

በነሱ ወጥ ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ አንሶላ ሰቅለን፣
መብራት አጠፋን።
ማክቫላ ሳህን አጠበች። አረፋውን ጠረገች።
መጨረሻው ላይ፣ እኔው ቀድቼው የረሳሁት፣
ቀና ብላ ካሜራውን አየች፤
"አንቺ ልጅ፣ ራትሽን በልተሻል?" አለች።

እኔ ከልማዴ በጨለማው ሰው ቆጠርኩ።
ሰባት።
የተኛ የለም።
ሲያልቅ ናቴላ ምንም አላለች፤
"ቁሙ" ሳትል ቆሙ።
ሠላሳ ሰከንድ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።
ማይኬን ቤት ትቼው ነበር የመጣሁ፤
ዝምታው ግን አለኝ።