ንባብ

ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ ጎንደር፣ ከብልኮ እስከ ማራኪ፣
መዝገብ በብብቴ፣ ደጅ ለደጅ አንኳኪ።
አንገረብን ደለል በልቶት፣ ውሃ በሦስት ሳምንት፣
ሳሉ ቀድሞት ይመጣል፣ ያውም በውድቅት ሌት፤
መጀመሪያ አየር ነው፣ ቧንቧው ያስነጥሳል፣
ከዚያ ጀሪካኑ፣ ከዚያ መንደር ይነሳል።
ቆጣሪ ግን ዓይን የለው፤ አየሩም ያዞረዋል፣
ነፋሱን ከውሃው ጋር ባንድ ላይ ይቆጥረዋል።
«ነፋስ አስከፈልኸን» ይሉኛል እናቶች፣ በሳቅ።
እውነታቸውን ነው።
መዝገቡ ላይ ግን የነፋስ ዓምድ የለም፤ አለቃም አይጠይቅ።

ኅዳር ላይ ያልከፈሉትን ዝርዝር ሰጡኝ። ቆረጥሁ።
ቀበሌ አሥራ ስምንት፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር፣ አንኳኳሁ።
ወይዘሮ ባንችአምላክ ወጣች፤ የሰው ልብስ ታጥባለች፣
እስከ ክርኗ አረፋ።
«ልጄ ታሞብኝ ነው፤ እስከ ወር መጨረሻ...»
ሽቦውን አዞርሁት፣ በእርሳስ አተምሁት፤
ብርድ ጣቴን ይዞት ስለነበር
ሁለት ጊዜ ሞከርሁት።
አረፋው ክንዷ ላይ እስኪደርቅ ቆማ አየችኝ።

ጥር ላይ እናቴ ወደቀች። በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን፣
የካርድ ክፍሉ ሰልፍ አጥሩን ዞሮ ጠበቀን።
«የመድን ደብተር?»
ይኸው።
«አልታደሰም።»
ትናንት ነው ያለፈው፤ እስከ ወር መጨረሻ...
(የማን ቃል አፌ ላይ እንደነበረ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።)

መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አጉረመረመ፣
ናፍጣም ይሁን እርጅና፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ።
ሲስተር ውዴ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፣ በዚያች ብርሃን
የእናቴን ክንድ መታ መታ አደረገች፤
እንደ ደረቀ ቧንቧ፣ መስመሩ ጠፍቷት።
ሲገኝ፣ ግሉኮሱ ጠብ ማለት ጀመረ።
ልማድ አይለቅ፣ ቆጠርሁ፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሸለብ አደረገኝ።

የእናቴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ፦ «ውሃ።»
መታጠቢያው ላይ «የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤
የመሥሪያ ቤቴን ማኅተም በጨለማም አውቀዋለሁ።
ቦቴው ታች ነው። ጀሪካን አልያዝሁም፣
እኔ፣ ስንቱን ጀሪካን በየደጁ ተራምጄ እንዳላለፍሁ!
ከጎን አልጋ እጅ ተዘረጋ፤ ኩባያ።
ፊቷን ሳላይ ክንዷን አወቅሁት።
ልጇ በግድግዳው በኩል ተኝቷል፣ እግሩ አብጦ።
እናቴን ቀና አድርጋ አጠጣቻት፣
ጨርቅ አርሳ ግንባሯን ጠረገችላት።
ከዚያ ጀሪካኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ
«አንብበው» አለችኝ። «ስንት ቀረ?»
ሳቀች ልል ነበር። አልሳቀችም።

ዛሬ መዝገቤን ገልጬ ስሟ ላይ ደረስሁ፣
«አንድ ኩባያ» ብዬ የምጽፍበት ዓምድ አጣሁ፤
ውዝፍ፣ ቅጣት፣ ማስቀጠያ፣ ሁሉም የሷ ነው፣
የእኔ የሚባል ዕዳ የለበትም።
ፒንሳው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ለአለቃ አልነገርሁም።
የውሃ ተራው ዛሬ ሌሊት
የነሱ ሰፈር ነው።