ጉልበት ሲታጠፍ

የኔሪስ ፕሮበርት ፋይል በላስቲክ ታስሮ
ጠረጴዛዬ ላይ ነው ከሰኞ ጀምሮ።
ካርዲፍ ይዘንባል፤ ሻዬ ቀዝቅዟል፤
አሠሪዋ የላከው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦
«ሠራተኛዋ ሥልጠናውን ወስዳለች፤
ገብቷት፣ ተረድታ፣ በእጇ ፈርማለች።»

ሥልጠናውን አውቀዋለሁ፤ በዓመት አንዴ ግዴታ ነው።
አንድ ሰውዬ መጥቶ፣ ክራቫቱ አጭር፣
የደረጃ አወራረድ፣ የበር አከፋፈት ሲያስተምር፣
እኛም ተቀምጠን ያረጀነው
ቁጭ ማለትን እንደ አዲስ ስንማረው።
ከዚያ ካርቶን ወጣ።
«ወገባችሁ ቀጥ ይበል፤ ጉልበታችሁን እጠፉ፤
ዕቃውን ከደረት አስጠግታችሁ እቀፉ።»
ተራ በተራ አጠፍን፣ ተራ በተራ አነሣን።
ካርቶኑ ባዶ ነበር።
ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁ፤
ፈርሜ፣ ብስኩቴን ይዤ ወጣሁ።

የኔሪስ ቅርጫት ግን ባዶ አልነበረም፤
ውሃ የጠጣ አንሶላ ካርቶን አይደለም።
ሜርተር፣ ሆስፒታሉ ሥር፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጋሪ ስትጎትት፣
የጋሪው ጎማ ወልቆ ሦስት ሳምንት አለፈ፤
«ይጠገናል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤
እንፋሎት አራሰው፤ ወረቀቱም ወደቀ።
ያን ዕለት ቅርጫቱን በክንዷ ተሸከመችው።
አራተኛው ደረጃ ላይ ወገቧ «ቋ» አለ።
(አንዲት ባልደረባዋ መስክራለች፦
«ድምፁን ከማድረቂያው ማዶ ሰማሁት» ብላለች።)

ቅጹ ይጠይቃል፦
«በአደጋው ሰዓት ጉልበትዎን አጥፈው ነበር?»
መልስ መስጫው አንድ መስመር ነው።
እሷ ግን መስመሩን አልፋ፣ ኅዳጉን ዞራ ጻፈች፦

«ማጠፍማ ሙያዬ ነው፤ ማን እንደኔ አጥፎ!
አንሶላው ተቆጠረ በደርዘን ተጣጥፎ፤
ጉልበቴ ነው እንጂ የቀረው ጠፍቶ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሲታጠፍ ሰንብቶ።»

የዋጋ ሰንጠረዥ አለኝ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።
አውራ ጣት ይህን ያህል። ወገብ፣ እንደ ጉዳቱ።
«ጉልበት» የሚለውን ፈለግሁ።
አለ፤
የሚታጠፈው ብቻ።
ስለ ሌላው ሰንጠረዡ ዝም አለ።

«ሥልጠና ወስዳለች» የሚለውን ማኅተም አነሣሁ፤
ከጣቴ ሾለከና ወንበሬ ሥር ተንከባለለ።
ማንም አላየኝም።
ላነሣው ጎንበስ አልኩ፣
በወገቤ።