ውሃ የሚያነሳ ሐሳብ

ሠንጋ ተራ ጀርባ፣ ካረጀው ሕንፃ ላይ፣
ሊፍቱ ተገትሮ ሦስት ክረምት ሲያይ፣
በደረጃ ወጣን፣ ዐሥራ ሰባት ሆነን፣
ደብተር በብብታችን፣ እስክሪብቶ ይዘን።

ስንዱ ግን ደብተሩን ሰብስባ ቆለፈች።
«የሚጻፍ የለኝም፤ የሚፈታ አለ» አለች፤
ከጠረጴዛው ላይ ጆንያ ዘረገፈች፦
ዲዳ የሆነ ሬዲዮ፣ መስተዋት አልባ ስልክ፣
የተቃጠለ ቦርድ፣ ሽቦ በየመልክ፣
ከምናለሽ ተራ በኪሎ የመጣ፣
ገሚሱ ነፍስ ያለው፣ ገሚሱ ነፍሱ የወጣ።

«በዚህ ምን ትሸጣላችሁ? ለማን? በስንት ብር?
ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ምን አለ በእናንተ ሰፈር?»

ውሃ፣ አልኩ።
ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እሷ ግን አልሣቀች፤
«ሐሳቡ ውሃ ያነሳ እንደሁ፣ እናያለን» አለች።

ጎላ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሁለቴ
በሳምንት፣ ያውም በውድቅት፤ ጆሮዋን እናቴ
ከቧንቧው ጋር አስራ ስታድር ነው ያደግሁ።
ስለዚህ ሠራሁ።
ሦስት ሳምንት፤ መበየጃው ሁለት ጣቴን በላ፤
ቧንቧ ውስጥ የምትዞር ትንሽ መንኮራኩር፣
ስትዞር ለሲም ካርድ ምሥጢር የምትነግር፣
ሲም ካርዱም ለባለቤት «ተነሺ! መጥቷል» የሚል፤
ልብሷ የሳሙና እቃ።

የመጀመሪያ ገዢዬ ወይዘሮ ዘርፌ ናት፤
ሚካኤል ግድም ጠባብ ፀጉር ቤት ያላት፤
ሁለት ካስክ፣ አንዲት ሠራተኛ፣ ባዶ ሮቶ፣
ደንበኛ የሚሸሻት ሻምፖው ራስ ላይ ቀርቶ።
ገጠምኩላት። ከፈለች። ብሩን ሦስቴ ቆጠርኩት፤
ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣
መልእክቱ ደረሳት። ተነሣች በጨለማ፤
ባልዲዋን ደርድራ፣ ጀሪካን አሰልፋ፣
ከፈተች።
ፍ ፍ ፍ ፍ ፍ . . .

ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፦
«ሰው ከሰል ይነግዳል፣ ሰው ዘይት ይነግዳል፤
አንተ ነፋስ ሸጥክልኝ! ይህስ የት ይገኛል?
ብሬን!»

መለስኩላት። አራት ቀን የውሃ ሽታ ሆንኩ።
ስልኬን ዘጋሁ።
በአምስተኛው ቀን ያንን ደረጃ ወጣሁ።
«አስተካክዪልኝ» ስል፣ ስንዱ ቀና አላለችም፤
ከያዘችው ቦርድ ላይ ዐይኗን አላነሳችም፤
«መልሱ እዚህ የለም፣ ቧንቧው ጋ ነው ያለው።
ሂድና እደር። ሻጭ ገዢው ቤት ነው የሚማረው።»

አደርኩ። ከካስኩ ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ።
ወይዘሮ ዘርፌ ጋቢ ወረወረችልኝ፣ አንድ ቃል ሳትናገር።
ቧንቧ ለካ ቋንቋ አለው፦
መጀመሪያ ያፏጫል፣ እንደ ሥራ ፈት ወሬኛ፤
ቀጥሎ ይስላል፣ ብርድ እንደመታው ዘበኛ፤
ከዚያ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ናት የምታስት፤
ከእሷ በኋላ ነው፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እውነት።

የኔ ማሽን ፉጨት አምና ነበር የሮጠች።
ሁለት ሚስማር ጨመርኩ፣ ሲርሱ ብቻ የሚነጋገሩ፣
ሲደርቁ እንደ ተኳረፉ ጎረቤት ዘግተው የሚያድሩ።

መልሼ ገጠምኩት። ወይዘሮ ዘርፌ
ብሩን ከጡቷ አወጣች፣ ቆጠረች፣ ግማሹን ሰጠችኝ፤
«ቀሪው ውሃው ሲመጣ» ብላ ሸኘችኝ።

ስንዱ ደብተሬን ስትመልስልኝ
የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦
ነፋስም ያዞራል።

አሁን ሌሊት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት።
ስልኬ ከትራሴ ሥር ነው፤ ዝም ብሏል።
በመጋረጃው ማዶ አልጋው ሲንጫጫ ሰማሁ፤
እናቴ ቀድማኝ ነቅታለች።
«መጣ እንዴ?» አልኳት።
«ያፏጫል» አለች፣ «ገና ነው፣ ተኛ።»
ማን አስተማራት? የትኛው ፎቅ ወጥታ?

ቧንቧው ሳለ።
ከዚያ ዝም አለ።