የሁለት ሰዓት አየር

ጊንታራስ ወንድሜ፣ ክፍል ዘጠኝን አየኸው ወይ አንተስ?
እኔስ አይቼ ጨረስኩ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ዳቦዬም ሳይቆረስ።

ከቁጣዬ ልጀምር።
ያቺ «ርግብ አራት» ምሕዋሯ ላይ ስትሰበር፣
አየር በሌለበት፣ ጆሮ ሥራ ፈትቶ በሚውልበት ጥቁር፣
እንዴት ነው እንደ ነጎድጓድ የምታጓራው? የት የታየ ነገር!

እሺ፣ ነጎድጓዱ ይቅር።
የኢልቫስ ፀጉር?
ማንኪያ በሚንሳፈፍበት፣
እንባ እንኳ እንደ ብይ ተድቦልቡሎ በሚዞርበት ቤት፣
ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፤
አሁን ከፀጉር ቤት የወጣች ይመስላል።
«ውሸታሞች!» ብዬ ጮህኩ፤ ትራሴ መስኮቱ ላይ አረፈች።
ዋይቫ ከታች ፎቅ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበች፤
ዝም በይ ማለቷ ነው። አሮጊት ናት፣ ስለ ጠፈር ምን ታውቃለች?

ከዚያ መጣ ዋናው።
አንቴናው ተሰብሯል፤ ኢልቫ ብቻዋን ወጣች፣
የሁለት ሰዓት አየር በጀርባዋ አዝላ ገመዷን ጨበጠች።
ምን አደረገች መሰለህ? ንግግር!
ስለ ሰው ልጅ፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ፍቅር፣
ሰባት ደቂቃ ሙሉ፣ በሰዓቴ ይዣለሁ፤
ቫዮሊኑ ከኋላዋ ያለቅሳል፣ እኔ እስቃለሁ።

የሁለት ሰዓት አየር የቀረው ሰው እንዲህ አያወራም።
አንተ ታውቃለህ፣ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

ያን የኅዳር ማታ፣ ክሬኑ ላይ፣ አርባ ሜትር ከመሬት፣
ባልቲክ ተነቅሎ ወደቡ ላይ ሲወድቅ፣ ክላይፔዳ መብራት ሲጠፋበት፣
አሳንሰሩ ቆሞ፣ መሰላሉ በበረዶ ተለብጦ፣
የመስታወት ጎጆዬ እንደ ወተት ጥርስ ሲነቃነቅ፣ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ፣
ኬስቱቲስ በሬዲዮ፣ «ራሙቴ፣ ትሰሚኛለሽ? አንድ ነገር በይ» ሲል፣
የመጨረሻዬ ልትሆን የምትችል ቃል
ስለ እናታችን አልነበረችም፣
ስለ እግዜርም።
«የቀይ ሥር ሾርባ ጥጄ ወጥቻለሁ፤
ቁልፉ ዋይቫ ጋ ነው፤ ምድጃውን አጥፉልኝ» ነው ያልኩ።

ኬስቱቲስ ዝም አለ።
ከዚያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ።

ይኸው ነው የሁለት ሰዓት አየር፤
ሾርባ ነው። ቁልፍ ነው።

ቴሌቪዥኑን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ።
ቫዮሊኑ ቆመ። ቆይ፣ አሁን ስማኝ፣ አሁን ዝም በል።
አንቴናውን አስራ ልትመለስ ስትል፣
የአየሯ መለኪያ ቀይ እየበራ፣
ዞረችና ብሎኖቹን ቆጠረች በጣቷ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
አራተኛውን ሁለቴ ነካችው፤
ቤቱን ቆልፎ የወጣ ሰው ከደረጃ ተመልሶ
እጀታውን እንደሚነካው።

እዚያ ላይ ተሸነፍኩ።
ያን ሌሊት እኔም፣ ነፋሱ በረድ ሲል፣ ከመውረዴ በፊት
ሊቨሮቹን ሁሉ ወደ ዜሮ መልሼ፣
የወንበሩን ጨርቅ አስተካክዬ ነው የወረድኩት፤
እግሬ እየተብረከረከ፣ ማንም ሳያየኝ።
ላንተ እንኳ አልነገርኩህም።
ታዲያ ያቺ ተዋናይት ከየት አገኘችው?
ማን ነገራት?

ከዚያማ፣ እንደ ልማዳቸው፣
ገመዱ ሲላላ፣ ጓንቷ በሩን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው፣
ጽሑፍ መጣ፤ «ሐሙስ ይቀጥላል»።
ሐሙስ! ስድስት ቀን በስንዝር ላይ ተንጠልጥሎ ማን ይተኛል?

ደረጃው ላይ ጫማ ተጎተተ። በሬ ተንኳኳ።
ዋይቫ ናት፣ በሌሊት ልብሷ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች፤
ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤
«ቴሌቪዥኔ ከተበላሸ ወሩ ነው፤
ባንቺ ወለል፣ በኔ ጣሪያ ነው የምከታተለው።
ስትጮኺ ታስመልጪኛለሽ፣ ስንቴ ልምታልሽ!
አሁን ንገሪኝ፤
ልጅቷ ገባች?»

«ስንዝር ቀርቷታል» አልኳት።
ሻዩን መልሼ ጣድኩት።